ስምንት ሴንቲሜትር

የጠፉ ልጆችን ታሪክ የሚተርኩ ዘጋቢ ፊልሞች ልብስ ሰፊዋን አንድም አያመልጧትም። በሱቋ ውስጥ፣ ከካውያው ጠረጴዛ በላይ፣ ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። እሷ ከሥሩ ተቀምጣ የቀሚስ ጠርዝ ትቀመቅማለች፤ ዓይኗ አንዴ መርፌው ላይ፣ አንዴ ስክሪኑ ላይ ነው። ደንበኞቿ መጀመሪያ ላይ ይሳቀቁ ነበር።

«ኧረ በናትሽ ዝጊው። ቁስልሽን ለምን ትነካኪያለሽ?» ይሏታል።

እሷ ግን የምታየው ልታለቅስ አይደለም። የሌላ ሰፊ ሥራ እጇ ሲገባ ገልብጣ ስፌቱን እንደምትመረምር ሁሉ፣ እነዚህንም ፊልሞች ገልብጣ ነው የምታያቸው።

«አሁን ዥዋዥዌ ያሳዩናል» ትላለች። ዥዋዥዌው ይመጣል፤ ማንም ሳይቀመጥበት ይወዛወዛል።

«አሁን እናትየው መስኮት አጠገብ ትቆማለች።» እናትየው ትቆማለች።

«ፒያኖውስ የት ቀረ?» ከማለቷ ፒያኖው ይጀምራል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሳቁ ያመልጠዋል፤ ወዲያው ደግሞ በሳቁ ያፍራል።

እሷን የሚያንገበግባት መጨረሻው ነው። ልጁ ሳይገኝ፣ የወሰደው ሳይታወቅ፣ ሻማ ይበራል ወይም አበባ ውኃ ላይ ይጣላል። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወጣል። የሚያየው ሰው ከንፈሩን መጥጦ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። «ያልተገኘ ልጅ እንዴት ነው ያለቀው?» ትላለች ያኔ፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ። ማንም አይመልስላትም። የእሷም ልጅ ከጠፋች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታልና፣ ምን ተብሎ ይመለስላታል?

ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ቀጭን፣ ወገቧ ቀጥ ያለ፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የተሳለ ሴት ናት። የመለኪያ ሜትር ከአንገቷ ስለማይለይ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይላታል፤ ልጆች ደግሞ አክብረው «እትዬ ሜትር»። የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ከሚያልፉት ተማሪዎች መካከል ኮሌታው ያልተንጋደደ፣ ኪሱ ያልተገነጠለ ልጅ ካለ ከእሷ እጅ የወጣ ነው ማለት ነው።

አንድ የሥራ ልማድ አላት። ልጅን በዛሬው ቁመቱ አትሰፋለትም። በዓመቱ መጨረሻ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወጥቶ ጓደኞቹ እንዲስቁበት አትፈልግም። ስለዚህ ሁልጊዜ አራት ጣት ትጨምራለች፣ ስምንት ሴንቲሜትር፤ ጭማሪውን ወደ ውስጥ አጥፋ ትቀመቅመዋለች፤ ልጁ ሲያድግ እናቱ ትፈታለታለች። ጭማሪውን የምትደምረው ታዲያ በኋላ ተቀምጣ አይደለም። ሜትሩ ገና ልጁ ጀርባ ላይ እያለ፣ በአንደበቷ ሌላ ወሬ እያወራች፣ በልቧ ደምራ ነው ደብተሯ ላይ የምታሰፍረው። ሥራውን ያስተማረቻት አክስቷም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። በዚህ የተነሳ በሠላሳ ስድስት ዓመት ደብተሮቿ ውስጥ አንድም የልጅ ትክክለኛ ቁመት የለም። እዚያ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚመጣው ዓመት ልጆች ናቸው።

ልጇ የጠፋችው ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያን ሰሞን ሱቁ መተንፈሻ አልነበረውም፤ እናቶች በሩ ላይ ተሰልፈዋል፣ ሁለቱም የስፌት መኪናዎች ያጓራሉ። የጃኬት አዝራር አለቀ። ልጇ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀልጣፋ፣ ለዕድሜዋ ደቀቅ ያለች፣ መላክ የምትወድ። አንድ ሰማያዊ አዝራር መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሃያ አራት ስጠኝ በዪው።»

አዝራር ሻጩ ያለው ከሦስት ሱቅ በኋላ ነው። ቆጥሮ በወረቀት ከረጢት ሰጣት። ከበሩ ስትወጣ አይቷታል። ከዚያ በኋላ ያያት የለም፤ ቢያንስ ለሃያ ሁለት ዓመት የተነገራት ይህን ነው። እናትየው መዘግየቷን ያወቀችው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ ደረት እየለካች።

መርማሪው ሳምንት ሳይሞላው ነገሩን ቋጨው። ከሱቆቹ ጀርባ ሰፊ የውኃ ቦይ ያልፋል፤ ልጅቷ ልትጫወት ወርዳ ውኃው ወስዷታል አለ። ጫማ አልተገኘ፣ ልብስ አልተገኘ፣ ግን ቦዩ ጥልቅ ነው። ባሏ ይህን አምኖ፣ በስድስተኛው ዓመት ልቡ ደከመና ሞተ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቱ የነበረው ወንድ ልጇም አመነ፤ አሁን የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛና የሁለት ልጆች አባት ነው። እሷ ብቻ አላመነችም። ስለ ልጅቷ ሲጠይቋት «ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» ትላለች፣ ቅርብ ከተማ ሥራ ላይ ያለች ይመስል።

እንዲህ ያሉ ፊልሞችን የምትሠራ አንዲት ዳይሬክተር አንድ ጠዋት መጥታ ታሪክዎን ልቅረጽ ስትላት፣ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ፊት ነሳቻት።

«ዥዋዥዌ የለኝም» አለቻት።

ዳይሬክተሯ ግራ ገባት። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፀጉሯን በእርሳስ ያሰረች፣ ስልኳ እጇ ላይ እንደ ወፍ የሚንጫጫ ሴት ናት። «እናቴ፣ እኔ ይዤ የመጣሁት ሌላ ነገር ነው። የፖሊስ ፋይሉን ቅጂ አግኝቻለሁ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ያንን ፋይል ለማየት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቴ እንደተመላለሰች፣ ስንት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ ስንቱ «ነገ ተመለሺ» እንዳላት ራሷም አታውቀውም። «ግቢ» አለቻት።

ለሦስት ቀን ቀረጹ። ካሜራማኑ ሆዱ የተገፋ፣ ሱሪው መሬት የሚጠርግ፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነበር።

«እናቴ፣ መኪናው ድምፁ ይረብሻል፤ ሳይጮህ ቢሰፉልን?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ሳይጮህ የሚሰፋ ካገኘሽ ለእኔም ግዢልኝ።»

«እሺ፣ ትንሽ መስኮቱ አጠገብ ቢቆሙልንስ?»

«መስኮት አጠገብ የምቆመው መስታወቱን ስወለውል ነው። ጨርቁን ላምጣው?»

ካሜራማኑ በሳቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ምስሉም አብሮት። በዕረፍት ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን አስወልቃ፣ በፎጣ ጠቅልላ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ጠርዙን ቆርጣ ሰፋችለት። «አሁን ሰው መሰልክ» አለችው።

በአራተኛው ቀን ዳይሬክተሯ አንድ ወረቀት አወጣች። «ከፋይሉ ነው። ጮክ ብለው ያንብቡልን» አለች።

የዚያን ጊዜው አፋልጉኝ ማስታወቂያ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህንን ወረቀት በመቶ የሚቆጠር ግንድና ግድግዳ ላይ በገዛ እጇ ለጥፋለች። አንብባው ግን አታውቅም። ፎቶውን ብቻ ነበር የምታየው፤ የገዛ ልጁን መልክ ከጽሑፍ የሚያነብ ማን አለ? መነጽሯን አደረገች።

«ዕድሜ ሰባት። መልክ ጠይም። ፀጉር አጭር። የለበሰችው ሰማያዊ ቀሚስ። ቁመት አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት።»

ቆመች። ዳይሬክተሯ ካሜራው እንዳይቋረጥ በጣቷ ምልክት ሰጠች፤ እንባ ሊመጣ ነው ብላለች።

«ይህንን ቁጥር ማን ነው የሰጣቸው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዳይሬክተሯ ፋይሉን አገላበጠች። «እርስዎ ነዎት። ‹በእናትየው ከቀረበ የልኬት ደብተር የተወሰደ› ይላል።»

ያኔ ሁሉም ነገር መጣላት። አንድ ፖሊስ ቁመቷን ጠየቃት። ልቧ ያመነው ደብተሯን ብቻ ነበር። የልጇን አዲስ ዩኒፎርም ከሦስት ቀን በፊት ለክታለች። ገጹን ገልጣ፣ በጣቷ አሳይታ፣ አንብባ ሰጠችው። ፖሊሱ ጻፈ።

«አንድ ሜትር ከአሥራ አራት ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ በዝግታ። «ስምንቱ የእኔ ነው። ለዕድገት የጨመርኩት።»

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ካውያው ይተነፍሳል።

«በዚያ ፋይል ውስጥ አየኋት ብሎ የመጣ ሰው አለ?» አለች።

ዳይሬክተሯ አመነታች። ገጾቹን ገለጠች፣ አንዱ ጋ ቆየች፣ ከዚያ አነበበችው። የመናኸሪያ ትኬት ቆራጭ የሆነች ሴት፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አረንጓዴ ሻንጣ የያዘች ሴት አንዲት የምታለቅስ ልጅ ይዛ ወደ ባሕሩ ጠረፍ በሚሄደው አውቶቡስ ስትሳፈር አይታለች። ልጅቷ በእጇ የወረቀት ከረጢት ይዛ ነበር። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «ልጅቷ በማስታወቂያው ከተገለጸው በጣም ያነሰች ናት። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ተትቷል።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ቀኝ እጇን አንስታ አራት ጣቶቿን አየቻቸው፤ አውራ ጣቷን አጥፋ፣ የማን እጅ እንደሆነ እንደጠፋት ሰው። በኋላ ካሜራማኑ ማንም ሳያዝዘው ካሜራውን አጠፋ።

ዳይሬክተሯ አመሻሹ ላይ ዕቃዋን እየሸከፈች፣ በለስላሳ ድምፅ ልታጽናናት ሞከረች።

«እናቴ፣ አይጨነቁ። ይህንን ክፍል አላስገባውም።»

«ምን ማለት ነው አላስገባውም?»

«ሰውን አያውቁትም። ‹እናትየው ናት የተሳሳተ መረጃ የሰጠችው› ይላሉ። ይበሉዎታል። ፊልሙ ደግሞ በመርማሪው ትረካ ነው የተዋቀረው፤ ቦዩ ላይ ነው የሚያልቀው። ነገ አበባውን ይጥላሉ፣ በዚያ እንጨርሳለን። አሥር ቀን ነው የቀረን። እኔ እርስዎን ልጠብቅዎ ብዬ ነው።»

«ጠባቂ ቅጠሪልኝ አላልኩሽም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ፋይሉ ይከፈትልኝ ብዬ እንጂ፣ መልሰሽ ዝጊልኝ ብዬ መቼ አስገባሁሽ?»

በማግስቱ ቦዩ ዳር ሄደች፤ እምቢ ማለት የፈለገችው ፊት ለፊት ነው። መርማሪውም መጥቷል። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ከዘራ ይዟል፣ ኮቱን አስተኩሷል። ዳይሬክተሯ ነጭ አበባ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት።

«የት ላይ ነው ያገኟት?» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ መርማሪው ዞራ።

«ምን?»

«ልጄን። የቱ ጋ ነው ያገኟት? አበባውን እዚያ ልጣለው።»

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ውኃ ሁሉን አይመልስም። ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ የኔ እህት። ተቀበዪውና ዕረፊ።»

«ያረፉትስ እርስዎ ነዎት። ትኬት ቆራጯን በአንድ መስመር ቀይ ቀለም ሸኝተው አረፉ። ‹ከረጢቱ ውስጥ ምን ነበር?› ብለው ቢጠይቋት አፍዎ ይደክም ነበር?»

«ቁመቷ አልገጠመማ! ቁመቱን ደግሞ የሰጠሽን አንቺ ነሽ።»

«አዎ። እኔ ነኝ» አለች። «እኔ በስምንት ሴንቲሜትር ተሳሳትኩ። የእኔን ስህተት እኔ እናገራለሁ። እርስዎስ የእርስዎን?»

መርማሪው ወደ ዳይሬክተሯ ዞሮ እንዲህ ላለ ነገር እንዳልመጣ ተናገረ፣ ከዘራውን እየሰነዘረ ወደ መኪናው ሄደ። ልብስ ሰፊዋ አበባውን ለካሜራማኑ አቀበለችው።

«ለሚስትህ ውሰድላት። ሳይጠወልግ።»

ወሬው ወንድ ልጇ ጆሮ የደረሰው በዚያው ቀን ነው። ከሥራ በቀጥታ መጣ፣ የጥገና ቱታውን እንደለበሰ፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ቆመ።

«እማዬ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቆመሽ ‹ያሳሳትኩት እኔ ነኝ› ልትዪ ነው አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«አዝራር ሻጩ። ማን ይሆናል ሌላ?»

«የእሱ አፍ ከአዝራሩ ይበዛል።»

«አትቀልጂብኝ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ‹አያታችሁ ናት ያጠፋቻት› ይሏቸዋል።»

«እኔ ያጠፋሁት ቁጥሩን ነው። ልጅቷን የወሰደ ሌላ ሰው ነው። ልዩነቱን አስረዳቸው፤ ትልልቅ ናቸው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺን የነካሽ ሰው የለም። ሁሉም ያዝንልሻል፣ ያከብርሻል። ይህን ልትጥዪው ነው?»

«ምን ይሠራልኛል?» አለች። «ሐዘናቸውን ሰፍቼ አልለብሰው። እህትህን የወሰዳት ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ተደላድሎ የተኛው እኮ፣ እኛ ከእሷ የምትበልጥ ልጅ ስንፈልግ ስለኖርን ነው።»

ልጇ ጠረጴዛው ላይ የተረፈረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ይሰበስብ ጀመር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጨንቀው የሚያደርገው ነው። «ቦዩ ዳር እየሄድኩ ድንጋይ እወረውር ነበር» አለ፣ ቀና ሳይል። «ለሁለት ዓመት ያህል። ውኃውን እየመታሁት መስሎኝ።»

እናቱ አታውቅም ነበር። መሐላቸው ያለውን ጠረጴዛ ዞራ አጠገቡ ቆመች፣ ግን አላቀፈችውም፤ ቢታቀፍ እንደሚሰበር አውቃለች።

«እንግዲያው አንተም ተሳስተሃል» አለችው። «ያለ ጥፋቱ ነው የደበደብከው።»

ልጇ ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቱ አልታዘዝ አለው። ሳይስማማ፣ ሳይቃወምም ሄደ።

ዳይሬክተሯ ከሁለት ቀን በኋላ ብቻዋን መጣች። የፈቃድ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ያለዚህ ፊርማ ጣቢያው ፊልሙን አያስተላልፍም። መጀመሪያ ለመነች፣ ቀጥላ ተቆጣች።

«አንድ ዓመት ተኩል ነው የደከምኩበት። ያለ እርስዎ ታሪክ ፊልም የለኝም።»

«እኔም ያለ እውነቱ ታሪክ የለኝም።»

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ። አበባ የለም፣ ሻማ የለም፣ ፒያኖ የለም። እኔ እናገራለሁ። ከሥር የሱቄን ስልክ ትጽፊበታለሽ።»

«የሱቅዎን? ማን ነው የሚያነሳው?»

«ስልኩ የማን ነው?»

«እናቴ፣ ሰው እኮ ዕብድ ነው። ቀኑን ሙሉ ይሰድቡዎታል።»

«ስድብ ስልክ አይሰብርም።»

ዳይሬክተሯ ፀጉሯ ውስጥ ያለውን እርሳስ መዝዛ አወጣችና መልሳ ሰካችው። «እስካሁን አምስት እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሠርቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሁሉንም በሻማ ነው የጨረስኩት። ጣቢያው ‹ተመልካች ልቡ ተሰቅሎ መቅረት የለበትም› ይላል።»

«የእኔ ሃያ ሁለት ዓመት ተሰቅሏል። ሞቼልሻለሁ?»

በማግስቱ ካሜራማኑ ቀድሞ መጣ። ካሜራውን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተከለ፤ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎም አላየ። ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯን አበጠረች፣ አንገቷን አቀናች፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ልጄ ስትጠፋ ለፖሊስ ቁመቷን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «የሰጠሁት የተሳሳተ ነው። አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት አልነበረችም፤ አንድ ሜትር ከአሥራ አራት ነበረች። ደቃቃ ናት፤ አምስት ዓመት ትመስላለች። በእጇ አዝራር ያለበት የወረቀት ከረጢት ይዛለች። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ አይታችሁ፣ ‹ይህችማ አይደለችም› ብላችሁ የተዋችሁ፣ ወይ ተናግራችሁ ‹አይደለችም› ያሏችሁ ካላችሁ፣ እሷ ናት። ደውሉልኝ። ልትሰድቡኝ የምትፈልጉም ደውሉ፤ ግን ያያችሁትን ጨምራችሁ ንገሩኝ።»

«አንዴ ቢደግሙልን፣ ትንሽ ረጋ ብለው?» አለች ዳይሬክተሯ።

«አልደግምም። ልምምድ አይደለም።»

የፈረመችው የተቀናበረውን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው። ከፊርማዋ ሥር በገዛ እጇ ጽፋ ጨመረችበት፦ «መጨረሻው ከተቀየረ ፈቃዴ ይቀራል።»

ፊልሙ እሑድ ከምሳ በኋላ ተላለፈ። አዝራር ሻጩ ወንበር ይዞ መጣ። ልጇ እመጣለሁ አላለም ነበር፤ መጣና በሩን ተደግፎ ቆመ። የሠራተኞቹ ስም ገና እየተንሸራተተ ስልኩ ጮኸ።

የመጀመሪያው ሰውዬ «አንቺ እናት ነሽ?» ብሎ ጀመረ፤ የተናገረውን ሁሉ ብንጽፈው ለዚህ ወረቀት አይመጥንም። ሁለተኛዋ ልጅቷን በሕልሟ አይታለች። ሦስተኛው ጠንቋይ ነው፤ የጥንቆላውን ዋጋ ሊነግራት ሲል ዘጋችበት። አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ዩኒፎርም ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀች። በማግስቱ አንዲት የቆየች ደንበኛ የሰጠችውን ጨርቅ መልሳ ወሰደች። «ቅር እንዳይልሽ፤ ባለቤቴ ነው» አለች። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን አጣጥፋ ሰጠቻትና «ባለቤትሽን ሱሪው አጥሯል በዪው» አለቻት።

አዝራር ሻጩ ሦስተኛው ቀን ላይ ስልኩን ሊነቅለው ተነሳ። «በቃ እንጂ፣ አንቺ ሰው። ጆሮሽ አይደማም?»

«ተቀመጥ ጋሼ። ገመዱን ብትነካው እጅህን ነው የምሰፋው።»

ቀጥሎ የጮኸው ስልክ የሌላ ዓይነት ድምፅ አመጣ። ያረጀ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው የሴት ድምፅ።

«መናኸሪያው ላይ ትኬት እቆርጥ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ትንሽ ናት አላልኩም። ልጅ አየሁ ነው ያልኩት፤ ቁመቷን ሲጠይቁኝ በእጄ አሳየኋቸው። ትንሽ ናት ያሉት እነሱ ናቸው። እኔ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው የተመለስኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ጠመኔ ብቻ ነበር እጇ ላይ ያገኘችው። «የት ወረደች?» አለች።

«እስከ ጠረፉ አልከፈለችም። ሴትዮዋ ጎማ ፋብሪካው ያለበት ከተማ ነው ትኬት የቆረጠችው፤ አስታውሳለሁ፣ እዚያ የሚወርድ ብዙ ሰው አልነበረም።»

የከተማውን ስም ጠረጴዛው ላይ ጻፈችው። ሴትዮዋን መጥታ እንድትመሰክር ጠየቀቻት፤ ሴትዮዋ ለመሄድ እግር ባይኖረኝም አፍ አለኝ፣ የሚጽፍ ላኩልኝ አለች። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን እንደዘጋች ለልጇ ደወለችና የሰማችውን ነገረችው። በወዲያኛው ጫፍ የአሳንሰር ገመድ ሲጢጥ ሲል ይሰማል።

«የዓመት ፈቃድ አለኝ» አለ ልጇ። «አዲስ ማስታወቂያ ላሳትም። ቁጥሩን አንቺው ንገሪኝ።»

«አንድ ሜትር ከአሥራ አራት። ግን አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው በልበት።»

በማግስቱ ጠዋት ወደዚያ ከተማ ተሳፈረ። አብራው መሄድ ፈልጋ ነበር፤ ግን ስልኩን ማን ያነሳል? ስለዚህ የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠች። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አንቺ ነሽ ያቺ ሴትዮ?» አለች የደወለችው። ድምፅዋ የተማረ ሰው ድምፅ ነው፤ በቁጣ ይንቀጠቀጣል። «ሦስት ልጆች አሉኝ። የእያንዳንዳቸውን ቁመት በቃሌ አውቃለሁ። ልጁን የማያውቅ ሰው እንዴት እናት ይባላል? ደግሞ ወጥተሽ በአደባባይ መናገርሽ! አታፍሪም?»

«አፍሬ ጨርሻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ያን ጊዜ ያዩት ነገር አለ?»

«ምን?»

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት። ትንሽ ልጅ፣ አረንጓዴ ሻንጣ የያዘች ሴት። ያዩት ነገር አለ?»

«እኔ ምንም አላየሁም። እኔ የደወልኩት...»

«እንግዲያው መስመሩን ይልቀቁልኝ» አለቻት። «ያየ ሰው ሊደውል ይችላል።»